ቲራሚሱ ያደረበት ፍሪጅ

የጋሼ ኑርሁሴን ጀናዛ ሰኞ ረፋድ ሳይታጠብ ቆየ። የወንድማቸው ልጅ ጁነይድ «አጎቴ ተመርዘው ነው!» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ጣቱን የቀሰረው በሔለን ላይ ነበር፤ ከአዲስ አበባ መጥታ ወልድያ የምታስተምር የጊቢው ተከራይ ናት። ሔለን አልመረዘቻቸውም። ግን ከዓርብ ጀምሮ ለማንም ያልተናገረችው ነገር አለ።

ምክትል ኢንስፔክተር ሩቂያ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

«ምን ሰጠሻቸው?» አለቻት ሔለንን።

«ቲራሚሱ፤ የጣሊያን ጣፋጭ ነው። ጦርነቱ ከከተማው ወጥቶ መብራት ስለተመለሰልን ሐሙስ ለቤቱ ሰው ሁሉ ሠራሁ። ብስኩት በቀዘቀዘ ቡና እየነከርኩ ደረደርኩ፤ በላዩ ክሬም፣ እንደገና ብስኩት፣ እንደገና ክሬም። እሳት አይነካውም፤ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያድረው።»

«አረቄስ አለበት?»

«በእነ ጋሼ ቤት? እንዴት ተደርጎ!»

«ማን ማን በላ?»

«ዓርብ ሁላችንም። ጋሼ ስኳር ስላለባቸው አንዲት ማንኪያ ብቻ።»

ሩቂያ ወደ ጓዳ ዘለቀች። ፍሪጁ ትንሽ ነው፤ ያለው አንድ መደርደሪያና ከላይ በረዶ ቤት። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አየችውና ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ጁነይድ፣ አንተም በልተሃል፤ ምንም አልሆንክም። አጎትህ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ሲጠማቸውና ሲያሸናቸው ሰነበቱ። ይህ ኢንሱሊን ያጣ ሰው ምልክት ነው።»

«አዲስ አበባ ልኬ ያስመጣሁላቸው አለ! በየቀኑ ይወጉ ነበር!»

«ተመልከተው። ይህ ዓይነቱ ጥርት ማለት ሲገባው ብናኝ ተንሳፍፎበታል። ካርቶኑም ርሶ አብጧል። በረዶ ሆኖ ቀልጧል፤ ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ አይሠራም። እትዬ ቡርቱካን፣ የጣፋጩ ትሪ ፍሪጅ ሲገባ መድኃኒቱን የት አደረጉት?»

የሟች ሚስት ነጠላቸውን ጨበጡ። «ልጅቱ ቦታ ስጡኝ ስትለኝ በረዶ ቤቱ ከተትኩት። ይበልጥ ቢቀዘቅዝ ይሻለዋል ብዬ… ያ ረቢ! ባሌን በገዛ እጄ?»

«አንቱ አላወቁም። ደግሞም ወዲያው ለለቅሶ ወደ መርሳ ከተማ ሄደው የተመለሱት እሁድ ነው። ጋሼ በየቀኑ ከተወጉ ግን ዓርብ ጠዋትም ብልቃጡ ቀልጦ መደርደሪያው ላይ ነበር ማለት ነው። ከእሳቸው በፊት ፍሪጁን ከፍቶ ትሪውን ያወጣው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ሔለን ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለች ሔለን። «ብልቃጡን በረዶ ቤቱ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። በመዳፌ አሙቄ አቀለጥኩትና ቦታው መለስኩት። ካርቶኑ ላይ በረዶ እንዳይሆን የሚል ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁ። በከተማው ሌላ ብልቃጥ እንደሌለ ስለማውቅ በእኔ ጣፋጭ ምክንያት ተበላሸ ማለት አፈርኩ። ቅዳሜ ውሃ ሲደጋግሙ አየኋቸው። ያኔም ዝም አልኩ።»

ጁነይድ ከበሩ ዞር አለ። አጣቢዎቹ ገቡ።

«ቃልሽን ለዐቃቤ ሕግ አቀርባለሁ» አለች ሩቂያ ዝግ ብላ።

ሔለን እትዬ ቡርቱካን እግር ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ሴትዮዋ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«እኔስ አላወቅሁም ልጄ» አሉ። «አንቺ ግን ማንበብ ትችያለሽ።»