የምትጠብቀው የሌላት ሴት

ሮዊና የምትጠብቀው ሰው አልነበራትም። ይህን በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ያሉ ጎረቤቶቿ ሁሉ ያውቃሉ። ከመስኮቷ ሥር የሚያልፈው የቱሪስት አውቶብስ ግን ሌላ ያወራ ነበር።

አውቶብሱ ጣሪያ የሌለው ባለ ፎቅ ነው። ላይ የተቀመጡት ጎብኚዎች ከክፍሏ እኩል ስለሚሆኑ ሻይ ስትጠጣም ስታዛጋም ያዩዋታል። ለቴያትር ቤት የድሮ ዘመን ልብስ ትሰፋለች፤ ብርሃን ፍለጋ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። መታየቱን ለምዳው ነበር። አንድ ቀን ግን የአስጎብኚው ድምፅ በማጉያው ክፍሏ ድረስ ገባ።

«እዚህ መስኮት ላይ አንዲት ወይዘሪት ጦር ሜዳ የሄደ እጮኛዋን ስትጠብቅ ሞተች። ዛሬም ድረስ ትታያለች። ተመልከቱ፣ ያቻትላችሁ!»

ካሜራው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሮዊና በጥርሷ ስፒል እንደነከሰች ደርቃ ቀረች። በገዛ ቤቷ፣ በቁሟ፣ ሙት ተባለች!

ከዚያ በኋላ ሰላም አላገኘችም። ደጃፏ ላይ አበባ የሚያስቀምጥ፣ ደወል ደውሎ የሚሮጥ፣ በሩን ይዞ የሚያለቅስ መጣ። በመጨረሻም አከራይዋ ወይዘሮ ፕሪቸርድ መጡ።

«አትቀየሚኝ የኔ ልጅ። ክፍሉን ‹የጠባቂዋ ወይዘሪት ክፍል› ብዬ ለእንግዳ ላከራየው ነው። ሰው እኮ እዚህ ለማደር ይሻማል!»

«የትኛዋ ወይዘሪት? ወይዘሮ ፕሪቸርድ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«እሱንማ አውቃለሁ። በወሩ መጨረሻ ትለቂልኛለሽ።»

ሮዊና ደረጃውን በሩጫ ወርዳ አውቶብሱ ወደሚነሳበት ሄደች። እንዲያ ጨሳ እንኳ ሰልፉን አልጣሰችም፤ እዚያ አገር ቤቱ የሚቃጠልበትም ሰው ተራውን ይጠብቃል። ተራዋ ሲደርስ ላይኛው ፎቅ ወጥታ አስጎብኚው ፊት ቆመች።

«ሞታለች አልክ አሉ። እንኳን ለቀብሬ አደረሰህ!»

ወጣቱ ጃስፐር ይባላል። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አንቺ... የመስኮቷ ልጅ ነሽ።»

«ነበርኩ! በአንተ ወሬ ቤቴን ተነጠቅኩ። ደስ ይበልህ!»

«እዚያ መንገድ ላይ የምለው አልነበረኝም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው። አንቺን ሳይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።»

«እና ገደልከኝ?»

ማጉያውን ወንበር ላይ አስቀመጠ። ዓይኑን ግን ከዓይኗ አልነቀለም። ሮዊናን ይበልጥ ያናደዳት ይኸው ነበር።

«ከሥራ ስወጣ ሻይ ልጋብዝሽ። ስድቡን ተቀምጠሽ ጨርሺልኝ» አላት።

ጎብኚ እንጂ የከተማው ሰው በራሱ ፈቃድ በማይገባበት፣ ከከተማዋ የታወቀ ፍል ውሃ አጠገብ ባለው ትልቅ የሻይ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። ጃስፐር እዚያ ለጎብኚ የሚቀዳውን ብረት ብረት የሚል ለብ ያለ የምንጭ ውሃ ቅጣቴ ነው ብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ፊቱ ሲጨማደድ ሮዊና ሳትፈልግ ሳቀች። ስድቡ ግን በዚያ ቀን አላለቀም። በነጋታው ከሥራ በኋላ ቀጠለ፤ በሳምንቱም ገና አላለቀም ነበር። አንዳንዴ በመሀል ስድቡን ረስተው ይስቃሉ፤ ያ ሳቅ ያስፈራት ጀመር።

«ጸጸትህ ከልብህ ከሆነ እውነቱን ተናገር። በዚያው ማጉያ» አለችው።

«ያባርሩኛል እኮ።»

«እኔስ አልተባረርኩም?»

በማግስቱ አውቶብሱ ከመስኮቷ ሥር ሲቆም ጃስፐር ቀና ብሎ አያት።

«ስለዚህ መስኮት የሚወራው ውሸት ነው። የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እዚህ የምትኖረው ሮዊና ትባላለች፤ ማንንም አትጠብቅም። በእኔ ምላስ ከቤቷ እየወጣች ነው።»

ያንኑ ዕለት ከሥራ ተባረረ። ወይዘሮ ፕሪቸርድ ደግሞ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ቆንጆ ወሬ እያለ እውነትን ማን ይከራያል?» አሉ። ለዚህ ምን ይባላል! እውነት የተናገረው ሥራውን አጣ፤ የተዋሸባት ቤቷን አጣች፤ ውሸቱ ግን እዚያው ተቀመጠ።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ከኮረብታው ማዶ፣ ጎብኚ የማይደርስበት ሰፈር ክፍል አግኝታለች። ጃስፐር የስፌት መኪናዋን ተሸክሞ ከደጃፉ ሲወጣ አውቶብሱ መጥቶ ቆመ። አዲስ አስጎብኚ ተቀጥሯል።

«እዚህ መስኮት ላይ አንዲት ወይዘሪት...»

«ውሸት ነው!» ሮዊና ከመንገዱ ዳር ጮኸች። «ማንንም አልጠበቅኩም! አልሞትኩም! ቤቴ ነበር!»

ጎብኚዎቹ ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ አንዱ «ተዋናይ ቀጥረዋል!» አለና ሁሉም አጨበጨቡ። ሮዊና በንዴት መሬቱን ረገጠች። ጃስፐር የስፌት መኪናውን መሬት አስቀመጠ።

«አውቶብሱ ላይ ወጥቼ ልንገራቸው?»

«አንተ ዝም በል! አንተ ከተናገርክ ይብሳል» አለችና ኮሌታውን ጎትታ ሳመችው።

ጭብጨባው ደመቀ። ካሜራው ሁሉ ተንጫጫ።

ሮዊና ፊቷ እንደ ፍም ቀልቶ ቀና አለች። «ለእናንተ አይደለም!» ብላ ጮኸችባቸውና ደግማ ሳመችው።