ቅርንጫፍ ላይ የቀረ ሣር

ካርታው የተዘረጋው ሸራ በሚቆረጥበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ጥግ ጥጉን መቀስ፣ የክር ጥቅልና የሻይ ብርጭቆ ተጭኖታል።

«ተራራው ይሻላል» አለ የድንኳን ሰፊዎቹ ወንድማማቾች የእህት ባል። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ምላሱ ፍሬን የለውም ብለው «ፍሬን» የሚል ስም አውጥተውለታል። «ሸለቆ ገብቼ ላብ ማላቡን ጋቢናዬ ውስጥም አላጣሁት።»

እህታቸው ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «የትም ውሰዱት፤ ብቻ ወሬውን ገደል ከቶት ይምጣ» አለች። ሳቁ።

«የእኔን ደረትስ አስበኸዋል?» አለ ጋሼ።

ሳቁ ቆመ። ጋሼ የቤቱ ታላቅ ነው። ሳንባው ከታመመ ወዲህ ብርድ ሲነካው ይታፈናል፤ ሐኪሙም የብርዱ ወራት ሲያልፍ ደረቱን ሊከፍተው ቀጠሮ ይዟል። ዕድሜውን ሙሉ ለሌላ ሰው ጉዞ ድንኳን ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ከዚያ ቀጠሮ በፊት አንድ ጊዜ ቦርሳ አዝሎ ሜዳ ማደር አማረው። ሚስቱ የፈቀደችው ታናሽ ወንድሙን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ «ይዘኸው ሄድክ፤ ይዘኸው ትመጣለህ» ካለችው በኋላ ነው።

ጋሼ ጠመኔውን አነሣና ከሸለቆው አፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ አሰመረ። «እዚህ ነው። ነፋስ የለ፣ ውርጭ የለ። ከባዱን ድንኳን ትተን ስስ ሸራ እንይዛለን።»

ታናሹ አጎንብሶ አየ። ከሩቅ ተራሮች የሚወርዱ ቀጫጭን የወንዝ መስመሮች ሁሉም መጨረሻቸው ያ ሸለቆ ነው። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። በዚህ ቤት ሥራ እንዲህ ነው፤ ጋሼ ለክቶ ያሰምራል፣ ታናሹ ይቆርጣል። የቆራጭ እጅ ሜትር አይነካም። አባታቸው፣ ሁለት ሰው የለካው ሸራ ድንኳን አይሆንም ይል ነበር። አባትየው ካረፈ፣ የታናሹም ጸጉር ከሸበተ ቆይቷል፤ ደንቡ ግን አልሸበተም።

«ቆራጩስ ምን ይላል?» አለ ፍሬን።

«ጋሼ ካለ አለቀ።»

ሸለቆው ሞቅ ብሎ ተቀበላቸው። ቀያይ ገደሎች ግራና ቀኝ ቆመው ነፋሱን ከልክለዋል። እሾህ እየጣሱ፣ ድንጋይ እየዘለሉ፣ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ገሰገሱ። ጋሼ ኮቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣለ። ለወራት ያፏጭ የነበረው ደረቱ ዝም ብሎ፣ በተራው አፉ ያፏጭ ጀመር። ታናሹ ከኋላ እየሰማ ፈጣሪውን አመሰገነ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በተራሮቹ በኩል ሰማዩ ጠቆረ።

«ያ ዝናብ ነው» አለ ፍሬን።

«የተራራው ዝናብ ነው። አንተን ሰምተን ቢሆን ይኼኔ በስብሰናል።» ጋሼ አሸዋውን በእግሩ ደለደለ። «እዚህ እንደር። ከፍራሽ ይለሰልሳል።»

ታናሹ ሸራውን ዛፍ ላይ ሊያስር ቀና ሲል አየው። እጁን ዘርግቶ በማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ደረቅ ሣርና ስንጥር ተጠምጥሟል። ወፍ የሠራው አይደለም፤ ሁሉም ወደ ሸለቆው አፍ ተኝቷል። ውሃ ነው ያበጠረው።

«ጋሼ…»

«ምን ሆንክ፣ ማሙሽ?»

«ምንም። ገመዱ አጠረኝ።»

መጀመሪያ ወፎቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ መሬቱ፣ ባዶ በርሜል ኮረኮንች ላይ እንደሚንከባለል፣ ያጉረመርም ጀመር።

«እዚህ መኪና ከየት መጣ?» አለ ፍሬን።

«ውሃ ነው! ውጡ!» ብሎ ጮኸ ታናሹ።

ታናሹ ሸራውን ከነገመዱ መንጭቆ አነገተ። እሱ ከላይ እየሳበ፣ ፍሬን ከታች እየገፋ፣ ጋሼን ገደሉ ላይ አንዲት ጠባብ እርከን አደረሱት። እዚያ ጋሼ ደረቱን ያዘ፤ ከንፈሩ ጠቆረ። ሲታፈን ወደ አፉ የሚረጨው መድኃኒት ከታች፣ ቦርሳው ውስጥ ቀርቷል።

«ተወው!» አለ ታናሹ።

«ለሚስቱ ምን ልንላት ነው?» ፍሬን ይህን ሲል ወርዷል። ቦርሳውን አነሣ፤ አሽከርክሮ ወረወረው። «ያዝ፣ ቆራጩ!»

ያዘው። ቀና ሲል ደራሹ ውሃ ግንድና ድንጋይ ተሸክሞ እንደ ግድግዳ ደርሶ ነበር። ፍሬን የቆመበት ቦታ ውሃ ብቻ ሆነ። ታናሹ መድኃኒቱን ወንድሙ አፍ ውስጥ ረጨለት፤ ትንፋሹ ሲመለስ ጮኸው ተጣሩ። ያ የማይዘጋ አፍ አልመለሰም።

ብርሃኑ ሊጠፋ ሲል ጎርፉ ያባረረው ነብር እርከኑ ጫፍ ላይ ወጣ፤ ጸጉሩ ከጎድኑ ተጣብቋል። ታናሹ ሰንጢውን ከፍቶ በወንድሙና በአውሬው መካከል ተቀመጠ። ነብሩ ጥርሱን ገለጠ። ታናሹ ከልጅነቱ የሚያውቃትን አንዲት ጸሎት በከንፈሩ ይዞ አልተነቃነቀም። በመጨረሻ አውሬው ወደ ላይ ዘለለ፤ በገደሉ ስንጥቅ እየተሳበ ከሰማዩ ጋር ተቀላቀለ።

ሲነጋ ውሃው ጎድሎ ጭቃው ታየ።

«እንውረድ» አለ ጋሼ፤ ድምፁ ተቀዷል። «በሸለቆው አፍ እንወጣለን። ምናልባት እሱም ታች…»

ታናሹ ሰማዩን አየ፤ ተራሮቹ ዛሬም ጥቁር ናቸው። ጆሮውን አለቱ ላይ አስደግፎ ቆየ። «አንወርድም። ነብሩ በወጣበት እንወጣለን።»

«ወደ ታች አልኩ እኮ!»

«ሰማሁህ፣ ጋሼ። ትናንትም ሰምቼህ ነበር።»

ታናሹ ሸራውን ዘርግቶ በክንዱ ለካ። ወደ ገደሉ ቀና አለ፤ እንደገና ለካ። ከዚያ በሰንጢው በረጅሙ ተረተረው፤ ገመዱ ላይ ቀጥሎ ቋጠረው፤ የወንድሙን ወገብ አስሮ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ጥፍሩ ተነቀለ። ገደሉን ሳያጋምሱ ያ የበርሜል ድምፅ ተመልሶ መጣ፤ ሁለተኛው ጎርፍ ያደሩበትን እርከን ሳይቀር ውጦ አለፈ። ጋሼ ቁልቁል አየ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም።

ከላይ የጠበቃቸው የሸሹት ብርድ ነው። ታናሹ የተረፈውን ሸራ ወንድሙ ላይ ጠቅልሎ አዘለው። መንገድ ሠራተኞች ሲያገኟቸው ማን ማንን እንደተሸከመ ለመለየት ቀርበው ማየት ነበረባቸው።

እህታቸው በሱቁ በር ቆማ ሁለቱን አየች። ከዚያ ከኋላቸው አየች።

ሬሳው ተገኝቶ ከተቀበረ በኋላ ታናሹን፣ «ምንም ምልክት አልነበረም?» አለችው።

«ነበር። ቅርንጫፍ ላይ የቀረ ሣር። አይቼ ዝም አልኩ።»

አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። ሄዳ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ ከእሱ ጋር ቃል አልተለዋወጠችም።

ጋሼ ደረቱ ተከፍቶ፣ ተሰፍቶ፣ ቀጥኖ ወደ ሥራ ተመለሰ። ሸራ ዘረጋ፣ ለካ፣ አሰመረ፤ መቀሱን እንደ ወትሮው አቀበለ። ታናሹ መቀሱን አስቀመጠና ሜትሩን አነሣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ።

«ልክ ነው» አለ።

የስፌት መኪናዋ ቆመች። እህታቸው ፊቷን ሳታዞር፣ «ድገመው» አለች።

ጋሼ የሜትሩን ጫፍ ያዘለት። ደገመው።