ስሟ ያልተጠራው አንባቢ

እሷ ጉበት አንባቢ ናት። አትሳቁ፤ እንጀራዋ ነው። ከታማሚዎች ጉበት የተወሰደች ቅንጣት ናሙና በማይክሮስኮፕ እያየች፣ አዲሱ መድኃኒት የጉበቱን ጠባሳ ቀንሶት እንደሆነ ትመዘግባለች። ናሙናው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። የማን እንደሆነ ያወቀ አንባቢ ከጥናቱ ይወጣል። ሁለት ዓመት ዓይኗ እስኪቀላ የለፋችው፣ ጥናቱ ሲታተም ስሟን ለማየት ነበር።

አናጺው የመጣው የላቦራቶሪውን በር ሊጠግን ነው። በሩ በአንድ ቀን አለቀ፤ እሱ ግን ዘይት ልቀባው እያለ ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰ! ገብቷታል፤ ደስም ብሏታል። ወር ሳይሞላ ምሳ አብረው መብላት ለመዱ።

አንድ ቀን ማንኪያውን አስቀምጦ ዓይን ዓይኗን አየ።

«እናቴ እኮ እናንተ ጥናት ውስጥ ናት። ካርዷ ላይ አርባ ሦስት ይላል። ትድንልኝ ይሆን?»

ክው አለች። የአርባ ሦስት ናሙና ጠረጴዛዋ ላይ ተራውን እየጠበቀ ነበር።

«ምነው ባልነገርከኝ!»

ምክንያቱን ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«አፌን በቆረጠው! ግን ማን ሰማን? እኔ ትንፍሽ አልልም፤ አንቺም ዝም በይ።»

«ለእናትህ ሳስቼ የሌለ መዳን ብጽፍስ? መድኃኒቱ ለስንቱ እናት ሊሰጥ ነው እኮ!»

ተነሥታ በቀጥታ ወደ ጥናቱ ኃላፊ ሄደች።

«ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር» አሏት ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው።

«እኔ ግን አውቃለሁ።»

ናሙናዎቿን ለሌላ አንባቢ አስረከበች። ቤቷ ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ከስምንት ወር በኋላ ውጤቱ አዳራሽ ውስጥ ተነገረ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጠባሳቸው ቀንሷል፤ የአናጺው እናት አንዷ ናቸው። የአጥኚዎቹ ስም ሲጠራ የእሷ አልነበረም። አናጺው ኋላ ወንበር ላይ ከእናቱ ጎን አንገቱን ደፋ። እሷ መዳፏ እስኪግል አጨበጨበች።

በር ላይ ሲገናኙ፣ «ያነበብኩትን ሁሉ ሌላ ሰው ደግሞ አነበበው» አለችው ኮራ ብላ። «አንድ ስህተት አልተገኘም!»

እናትየው እጇን ያዙ።

«ይሄ ልጄ ‹በምን ፊቴ ላግባሽ ልበላት› እያለ ነዘነዘኝ። ለእኔ ብለሽ ያልዋሸሽ፣ ለእሱም አትዋሺም። ታገቢዋለሽ?»

«እማዬ!» አለ አናጺው።

«አፍ የለውም እንዴ? ራሱ ይጠይቀኛ!» አለች እየሳቀች።

ጠየቃት። «እሺ» ስትለው ግን ያ ዓይን አፋር ሰውዬ ምን እንደነካው እንጃ፤ ከአዳራሹ ወደሚወጡት ዶክተሮች ዞሮ ጮኸ፦

«ስሟ ያልተጠራው ይቺ ናት! ሚስቴ ልትሆን ነው!»