የመጨረሻዋ ሕዋስ

ከአፋር በረሃ በላይ በሚንሳፈፈው ሆስፒታል፣ ቤተ ሙከራ የሚገባ ሁሉ አስቀድሞ በነፋስ ይታጠባል። እዚያ ቤት ማስነጠስ ከስርቆት አይተናነስም። ዶክተር ምንታምርም ታጥባ፣ ትንፋሿን በጭንብል አፍና «መዛኙ» ፊት ተቀመጠች። መዛኙ የሚሉት ማስ ስፔክትሮሜትሩን ነው፤ ፕሮቲኖችን አንድ በአንድ እየመዘነ ማንነታቸውን ይናገራል። የሰው ቆዳ ብናኝ ካረፈበት ግን ዓይኑ ይጨልማል።

አሁን የሚመዝነው ከአንዲት ጨቅላ የተወሰደች አንዲት ሕዋስ ነበር። ጨቅላዋን የያዛት ከሁለት በሽታዎች አንዱ ነው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ነው። ቀደም ብለው የተመዘኑት ሕዋሳት ባዶ ወጥተዋል፤ በየሕዋሱ ያለችው ጥቂት ፕሮቲን የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። ልጅቷ ደግሞ ሌላ መርፌ አትችልም። ምንታምር ፈርታለች።

መዛኙ ጮኸ። «ባዕድ ምራቅ ተገኝቷል። ናሙናው ይወገዳል።»

«አቁም» አለችና ቁልፉን ተጫነች።

የረዳቷ የሲራክ ፊት አመድ መሰለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ባዶውን ብልቃጥ ይዤ ስመጣ የልጅቷ አያት፣ ጋሽ ይርዳው፣ በር ላይ ቆመው ነበር። ‹ማደሪያዋን ልመርቅላት› አሉኝ። ሽማግሌ እንዴት እምቢ ይባላል? እንትፍ እንትፍ አሉበት። ጠርጌዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ጉድ ሠራኸን።» ልትቆጣው ፈልጋ ጊዜ አጣች።

ምራቁን ለይቶ ትቶ የቀረውን እንዲመዝን መዛኙን አዘዘችው። የቆሸሸ ናሙና አይመዘንም አላት። በራሷ ኃላፊነት አስገደደችው። ውጤቱ ማያው ላይ ሲወርድ ሁለቱም ተጠግተው አነበቡ። የአያትየው ፕሮቲኖች ተለቅመው ሲያልቁ የልጅቷ ብቅ አሉ፤ ምንታምር በሕይወቷ አይታው በማታውቀው ብዛትና ጥራት።

«ከሁለቱ በሽታዎች የትኛው ነው?» አለ ሲራክ።

«የመጀመሪያው። ሩጥ፣ መድኃኒቱን ይስጧት።»

ብቻዋን ስትቀር ነገሩ ገባት። የብልቃጡን ግድግዳ የሽማግሌው ምራቅ ቀድሞ ይዞታል፤ የልጅቷ ፕሮቲኖች የሚጣበቁበት አጥተው ሁሉም መዛኙ ዘንድ ደርሰዋል። መሳቅም ማልቀስም አማራት።

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ይርዳው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠበቋት። «ልጄ፣ አበላሽተሃል አሉኝ። ይቅር በይኝ።»

«ምርቃትዎ ደርሷል፣ አባቴ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ለወጉ ያህል ያለችው መሰላቸው። ምንታምርና ባልደረቦቿ ሰውን አጥርተው ለማየት ብለው ሰውን ሁሉ ከዚያ ክፍል ሲያባርሩ ኖረዋል፤ ልጅቷ የታየችው ግን አያቷ በምራቃቸው አብረዋት ስለገቡ ነበር።