ከኮፈኖው ማዶ

መካኒኩ የፒካፗን ሞተር አራተኛ ካንዴላ ፈትቶ ከሦስቱ ጎን ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። ቀዳዳው ላይ የግፊት መለኪያውን አሰረና ችግኝ ሻጯን፣ «ቁልፉን አዙሪ» አላት።

ማስነሻው ሞተሪኖ አቃሰተ። የመለኪያው ቀስት ዘጠና ላይ ቆመ።

ትናንትም እንዲሁ ነበር፤ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ሲሊንደር ዘጠና፣ ሦስተኛው ሃምሳ አምስት። መሆን የነበረበት መቶ ሃምሳ ነው። ሞተሩ አልቋል ማለት ነው። ታዲያ ይቺ አሮጌ ፒካፕ ባለፈው ሳምንት ያን ሁሉ ችግኝ ጭና ዳገቱን እንዴት ወጣች?

መልሱን ሳያገኝ ነው ለችግኝ ሻጯ ወንድም ደውሎ «አልቋል» ያለው። ወንድሟ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ገዥ ይዞ ይመጣል። ፒካፗ ከተሸጠች የችግኝ ሥራዋ ያበቃል፤ የወንድሟ ሱቅ ገብታ ስኳር ትመዝናለች።

ችግኝ ሻጯ ከመሪው ኋላ ተቀምጣለች። ሌላ ቀን ገና ከበሩ «አንተ ቁምነገር፣ ዛሬም አልሳቅክም?» ትለው ነበር። ዛሬ «ደህና አደርክ» ብቻ። ከተከፈተው የሞተሩ ኮፈኖ ሥር ባለው ቀጭን ክፍተት የሚታየው እጇ ነው፤ ጥፍሯ ሥር አፈር አለ።

«ስንት አለ?»

«ዘጠና።»

«እንግዲህ ደስ ይበልህ፤ ከእኔ ተገላገልክ። ‹መካኒክሽ ራሱ ሽጧት አለ› ብሎኛል ወንድሜ።»

«አልቋል አልኩ እንጂ ሽጡ አላልኩም።»

«ልዩነቱ አልገባኝም።»

ለእሱም አልገባውም። «ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጠሽ አዙሪ» አለ፣ ትናንትም እንዳለው። ከዚያ ያላሰበውን አደረገ፤ መለኪያውን ትቶ ወደ በሩ ዞረ። ሊላት የፈለገው ነገር ነበረ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ጠፋው። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቢያጣ ወደ ታች አየ።

ቁልፉን እያዞረች ነው። እግሯ ግን ከነዳጅ መስጫው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«እግርሽ!»

«ምን ሆነ እግሬ?»

«ለምን አልረገጥሽም?»

«አባቴ መንዳት ሲያስተምረኝ ‹ያልተነሳ ሞተር ላይ ነዳጅ አትርገጪ፣ ይታነቃል› ብሎኛል።»

«እኔ ርገጪ ስልሽስ?»

«አንተን እሺ አልኩህ፤ እሱን ታዘዝኩት።»

ሳቅ አመለጠው። ሲስቅ አይታው ስለማታውቅ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ አየችው።

«ካልረገጥሽው አየር አይገባም» አለ። «አየር ከሌለ ፒስተኑ ምኑን ይጨምቅ?»

ረገጠች። መቶ ሃምሳ። ሌሎቹንም በየተራ ለካ፤ ሦስተኛው ብቻ ዘጠና ላይ ቀረ። በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምሮ ደገመው፤ ያው ዘጠና። ፒስተኑን የሚከበው ፋሻ አልቆ ቢሆን ዘይቱ ግፊቱን ከፍ ያደርገው ነበር። አየር የሚያሾልከው አንድ ቫልቭ ብቻ ነው፤ ሞተሩ አላለቀም፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ለወንድሟ ደወለ። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራው ለማንም ያላለውን አለ፤ «ተሳስቻለሁ። ገዥው አይምጣ።»

«ትናንት ሞተች፣ ዛሬ ተነሳች? ምን አስነካችህ?»

ስልኩን ዘግቶ መፍቻውን አነሳ።

በሦስተኛው ቀን ቫልቩ ከመቀመጫው ጋር ተስተካክሎ ተገጠመ። እሷ እስከ ታች ረግጣ አዞረች። ሦስተኛው ሲሊንደር መቶ አርባ አምስት።

«ዳነች?» አለች ከኮፈኖው ማዶ።

«ዳነች።»

በጣቷ መሪውን ነካ ነካ አደረገች። «ታዲያ ከእንግዲህ በምን ሰበብ ልምጣ?»

እንደገና ግራ ገባው። «ዘይት ይቀየራል... በየሦስት ወሩ።»

«ሦስት ወር!»

«አይ፣ አሮጌ ስለሆነች...» ጆሮው ጋለ። «በየሳምንቱ ብትታይ።»

«ማን ናት የምትታየው፣ ፒካፗ?»

«አንቺ።»

መልሷን ፈርቶ፣ ፈልጎም፣ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ መልሶ አጠበቀ። ኮፈኖውን ዘጋው። በመካከላቸው መስታወት ብቻ ቀረ፤ ከመስታወቱ ኋላ በአፈራማ እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች።

መለኪያውን በጨርቅ ወለወለ፣ ሣጥኑ ውስጥ አስተኛው፣ ክዳኑን ገጥሞ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።