ካልሲ የተወተፈበት ኢንቨርተር

ብዙዎቻችን ችግር የሚነግረንን ሁሉ ዝም የማሰኘት መጥፎ ልማድ አለን። ልማዱ ምን እንደሚያስከትል እኔ የተማርኩት በሠርጌ ቀን ነው፤ ያውም ግማሽ ፀጉሬ ደርቆ፣ ግማሹ ውሃ እያንጠባጠበ።

አክስቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ጋሼ የምለው ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አልጋና ምድጃ ባለው መኪና ውስጥ እየዞሩ ይኖራሉ። ሠርጉ መብራት ባልገባበት ሐይቅ ዳር ስለነበር እኔን ልታሰማምር የመጣችው በዚሁ መኪና ነው። የፀጉር ማድረቂያው የሚሠራው ከሶፋው ሥር ባሉት ባትሪዎች ሲሆን፣ ኃይላቸውን እንደ ቤት መብራት አድርጎ የሚቀይረው ኢንቨርተሩ ነው። እንግዶች መምጣት ጀምረዋል፤ ሙሽራው ቀድሞኝ ለብሶ ውጭ ይንጎራደዳል። ድንገት ማድረቂያው ቀጥ አለ።

"ባትሪዎቹ ሞተዋል፤ አዲስ ካልተገዛ አይሆንም" አለ ጋሼ፣ ሳይነካቸው።

"ሦስት ቀን ሙሉ ኢንቨርተሩ ሲጮህ አልነበር? ዛሬ ለምን ዝም አለ?" አለች አክስቴ።

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። "ማድረቂያው በተነሳ ቁጥር ጢጥ ጢጥ እያለ ሲያደነቁረኝ፣ ድምፅ ማውጫው ላይ ካልሲ ወተፍኩበት።"

"የታጠበ ነው?" አልኩ። ሙሽራው ከውጭ ሳቀ።

አክስቴ ግን "ነገርን ከሥሩ" ብላ የኤሌክትሪክ መለኪያ አወጣች። ባትሪዎቹ ሙሉ ነበሩ። ማድረቂያው ሲነሳ ግን ኢንቨርተሩ ዘንድ የሚደርሰው ኃይል ወዲያው ወረደ።

"ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው" አለች። ሁሉንም አጥፍታ ገመዶቹን ስትዳስስ ገመዱን ከባትሪው የሚያገናኘው አንዱ ማሰሪያ ትኩስ ሆኖ አገኘችው። ብሎኑ ላልቶ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ለብሷል። ለካ ያ ጩኸት ይህንኑ ሲናገር ኖሯል። ትንሽ ቢቆይ ገመዱ ተቃጥሎ መኪናውን፣ ማለትም ቤታቸውን፣ ይዞት ይሄድ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የእኛ ሰው ግን ቅጠሉን ትቶ ካልሲ ያዘ።

ጋሼ ማሰሪያውን ራሱ ፈታ፣ ፍቆ አጸዳ፣ አጠበቀ። ማድረቂያው ሲነሳ እልል አልኩ፤ ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሼ እየነዳ ወደ ሠርጉ ድንኳን ስንሄድ አክስቴ ከኋላ "ቀስ በል፣ መንገዱ ጉድጓድ አለው" አለችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚህ መልስ "እኔን መንዳት ልታስተምሪኝ ነው?" ነበር። ዛሬ ግን ጋሼ ፍሬኑን ያዘ።

"እሺ። ሌላስ ምን ይታይሻል?" አላት።

አክስቴ መንገዱን ልታይለት ወደ ፊተኛው ወንበር ተሻገረች። ከዚያ በፊት ጠይቋት አያውቅም ነበር።