ከዲቪሶሪያ የተገዛው ቀሚስ

የሞትኩት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። መርዶዬን የሰማሁትም ራሴ ነኝ፤ ኢርፎን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ።

«ያንን ቀሚስ የሠራው ማነው?» ብሎ ጠየቀ ጋዜጠኛው ኤልማር።

የዕለቱ እንግዳ ምትሃተኛው ክሪስፒን ነበር። 

«የሠራችው ሴት በሕይወት የለችም» አለ።

መርፌው አውራ ጣቴን ወጋኝ። ነጩ ሳቲን ላይ አንዲት የደም ጠብታ አረፈች።

«በሕይወት የለችም? እኔ?!»

አጠገቤ የምትሰፋው ማናንግ ቻሪንግ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ታላቄ ስለሆነች ማናንግ እላታለሁ። እሷ ደግሞ አርባ ሁለት ዓመቴን ረስታ እንደ ትንሽ ልጅ «ኢንዳይ» ትለኛለች።

«ምን ሆንሽ ኢንዳይ?»

«ሞቻለሁ።»

«መቼ?»

«እንጃ! እሱን አልተናገረም!»

«እስክትቀበሪ ድረስ ደሙን በምራቅሽ እሺው። የገዛ ደምን የሚያስለቅቀው የገዛ ምራቅ ነው።»

እያለቀስኩ አሸሁት። በቁሜ ቀበረኝ እኮ! ያውም አገር በሚሰማው ፕሮግራም!

ፕሮግራሙ «ባዶ እጅጌ» የሚባል የኢንተርኔት ፕሮግራም ነው። ኤልማር ምትሃተኞችን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ስለ ሙያቸው ሁለት ሁለት ሰዓት ያናግራቸዋል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም አላመለጠኝም። አንዱ ሳንቲም መዳፉ ውስጥ መደበቅ ለመልመድ ስድስት ዓመት እንደፈጀበት፣ ሲተኛም ሳንቲሟን ጨብጦ እንደሚተኛ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ሌላው ርግቡ እጅጌው ውስጥ ታፍና እንደሞተችበት፣ እሱ ግን ፈገግ እንዳለ ትርዒቱን እንደጨረሰ ሲናገር ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ማናንግ «ለልብስ ሰፊ የምትሃተኛ ወሬ ምን ያደርግላታል?» ትለኛለች። «ደስ ይለኛል» እላታለሁ። ውሸቴን ነው። የምጠብቀው አንድ ሰው ነበር። አንድ ቀን ይቀርባል፣ ስለ ቀሚሱ ይጠየቃል፣ ስሜንም ይጠራል ብዬ ነበር። ስሜን ለእናንተም አሁን አልነግራችሁም። መናገር ያለበት እሱ ነው።

ክሪስፒንን ያወቅኩት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ኢሎኢሎ ከተማ፣ የሃሮ ሰፈር ክብረ በዓል ላይ ነው። ከእንጨት የተሠራ መድረክ ላይ ቆሞ ከባዶ እጁ መሐረብ ይመዛል። እኔ ከፊት ተቀምጬ ኮቱን ነው የማየው፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ። ትርዒቱ ሲያልቅ ከመድረኩ ጀርባ ሄድኩ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ የግራ ኪስህ ስፌት ተተርትሯል። መሐረቡን አይተነዋል።»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ሁላችሁም?»

«ከፊት የተቀመጥነው።»

«ታዲያ ለምን አጨበጨባችሁ?»

«አሳዘንከን!»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። ኮቱን አውልቆ ሰጠኝና እዚያው ቆሜ ሰፋሁለት። በሳምንቱ ሌላ ኮት ይዞ ሱቃችን ድረስ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ። በሦስተኛው ያመጣውን ገልብጬ አየሁት።

«ይሄ በመቀስ የተቆረጠ ነው።»

«ኧረ ጨርቁ ሳስቶ ነው።»

«የሳሳ ጨርቅ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቀደድም። ምሳ ልትጋብዘኝ ከፈለግክ ኮትህን ለምን ትገድለዋለህ?»

ላ ፓዝ ገበያ ወስዶ የሚያቃጥል ባቾይ ሾርባ ጋበዘኝ። እንዲህ ተጀመረ።

የቀሚሱ ሐሳብ የእኔ ነው። ሦስት ወር ሙሉ፣ ጣቴ ወንፊት እስኪሆን ሰፋሁት። ክሪስፒን መጋረጃ ከፍ አድርጎ ሲለቀው ነጭ የነበረው ቀሚስ ቀይ ሆኖ ይገኛል። ዓይን እስኪርገበገብ! እንዴት እንደሚሆን አልነግራችሁም፤ ምስጢር መጠበቅን ከምትሃተኞቹ ተምሬያለሁ። ለብሼው የምቆመውም እኔው ነበርኩ። አራት ዓመት በየክብረ በዓሉ ዞርን። «ማኒላ ያለውን ውድድር እናሸንፍና እንጋባለን» አለኝ።

አሸነፍን። ዳሩ ምን ያደርጋል!

መድረኩ ላይ አስተዋዋቂው «ይህ ጉደኛ ቀሚስ ከየት መጣ?» ሲለው፣ ክሪስፒን «ከዲቪሶሪያ ገበያ ነው የገዛሁት! ያውም ተከራክሬ!» አለ። ዲቪሶሪያ የርካሽ ዕቃ ገበያ ነውና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ቀሚሱን ለብሼ፣ ከጎኑ ቆሜ ፈገግ አልኩ። አልተቀየምኩም። ቀሚሱ ለዚሁ ተብሎ እንደተሠራ ተመልካች ካወቀ ምትሃቱ ሞተ ማለት ነው።

በኋላ ግን ተመልካቹ ወጥቶ ከምትሃተኞቹ ጋር ብቻ ምሳ ተቀመጥን። እነሱ ዘንድ ሕግ አለ። መድረክ ላይ እንደፈለግክ ትዋሻለህ፤ በምሳው ጠረጴዛ ግን የሠራልህን ሰው በስሙ ጠርተህ ታመሰግናለህ። አንድ ሽማግሌ «እስቲ አሁን እውነቱን፣ የማን እጅ ነው?» አሉት። ማንኪያዬን አስቀምጬ ቀና አልኩ። ክሪስፒን አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ሰበረ።

«ከዲቪሶሪያ ነው አልኩ እኮ» አለ።

ማንም አልሳቀም።

ውጪ፣ ፀሐዩ ላይ ያዝኩት።

«እነሱ ተመልካች አይደሉም! ሕጉን ያስተማርከኝ አንተ ነህ!»

«ስሚኝ...»

«አልሰማም! አፈርክብኝ አይደል? ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ከአፍህ እንዳይወጣ! ለማንም! መቼም!»

«እሺ» አለ።

እሺ ብቻ! አልተከተለኝም፣ አልለመነኝም። በመርከብ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቀሚሱ እሱ ጋ ቀረ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና እኔም ቃሌን አላጠፍኩም፣ እሱም አልጠራኝም። ስምንት ዓመት!

እና ማክሰኞ ዕለት ድምፁን ስሰማ፣ የጠበቅኩትን ስም ትቶ ገደለኝ። ንዴቴ በረድ ሲል ማዳመጤን ቀጠልኩ።

«ቀሚሱስ የት አለ?» አለው ኤልማር።

«ቤቴ። ሊገዙት የመጡ ብዙ ናቸው። የሠሪው ፈቃድ የሌለበት ዕቃ ግን አይሸጥም። ቅዳሜ ባኮሎድ ከተማ ላይ የሙያ ጓደኞቼ ሲሰበሰቡ ዕቃዬን በሙሉ ለወጣቶቹ አድላለሁ። ቀሚሱን ግን አቃጥለዋለሁ።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። «ያቃጥለዋል?! ሦስት ወር የሰፋሁትን?!»

«ኢንዳይ፣ የሞተ ሰው አይጮህም» አለች ማናንግ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ጂፕኒ በሚባለው ታክሲያችን ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ አዳመጥኩት። ያኔ ሌላ ነገር ሰማሁ። ክሪስፒን መልስ በሰጠ ቁጥር ይጠጣል መሰለኝ፣ ሲኒው ማስቀመጫው ላይ ሲያርፍ ትር... ትር... ትር... ይላል። ኤልማር «ለምን አሁን ለማቆም ወሰንክ?» ሲለው «ደክሞኛል» አለ። ሲኒው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። አራት ዓመት ምትሃተኞችን ሳዳምጥ የተረዳሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ለእነዚህ ሰዎች እጅ ማለት ነፍስ ማለት እንደሆነ ነው። የእሱን እጅ ደግሞ አውቀዋለሁ። ውሃ አፍ እስከ ገደፉ የሞላ ብርጭቆ ይዞ ደረጃ የሚወጣ እጅ ነበር።

 እንዲህ ተናድጄበትም እንዲህ ፈርቼለትም አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ማናንግ ጀልባው ድረስ ሸኘችኝ።

«ለቀሚሱ ነው ወይስ ለሰውየው?»

«ለቀሚሱ!»

«እሺ» አለች፤ «ታዲያ ለቀሚስ ብለሽ ነው ጸጉርሽን የተሠራሽው?»

ባኮሎድ የደረስኩት ፕሮግራሙ ሲጀመር ነው። በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ መቶ የሚሆኑ ምትሃተኞች ተቀምጠዋል። ኤልማር መድረኩ ላይ ማይክሮፎኖቹን ደርድሮ የመጨረሻውን ክፍል ይቀርጻል። ጠረጴዛው ላይ የብረት ሳህን፣ ክብሪት፣ አጠገቡ ደግሞ የእኔ ቀሚስ ታጥፎ ተቀምጧል። ከኋላ ተቀመጥኩ።

ክሪስፒን ወጣ። ጸጉሩ ሸብቷል። ቀኝ እጁን ኪሱ ከቷል። ምትሃተኛ መድረክ ላይ እጁን አይደብቅም፤ ይህን ከእኔ በላይ አዳራሹ ያውቀዋል። 

ዕቃውን አደለ። ቀሚሱ ብቻ ቀረ።

«ከማቃጠልህ በፊት ስሟን እንኳ ንገረን» አለ ኤልማር። «የሞተን ሰው ማመስገን ወግ ነው።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«ከልክላኛለች።»

«ሞታለች አላልክም?»

ክሪስፒን ቀሚሱን አየው።

«አልሞተችም» አለ። «ዋሽቻለሁ። ትልልቆቹ ምትሃተኞች ሊገዙ ሲመጡ ሠሪዋን አገናኘን አሉኝ፤ ሞታለች ብዬ ገላገልኳቸው። ያን ቀን በምሳው ጠረጴዛም ስሟን ያልጠራሁት ፈርቼ ነው። እነሱ ትልቅ መድረክ አላቸው፣ ብር አላቸው። እኔ ያለኝ የተቀደደ ኮት ነው። ካወቋት ይወስዱብኛል ብዬ ዕቃ እንደምደብቀው ደበቅኳት። አሳፈርኳት። እሷም ስሜን አትጥራ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በእጄ የቀረው የእሷ ነገር ይሄ ቀሚስና ያ ቃሏ ነው። ቃሏን እስከዛሬ ጠብቄያለሁ። ቀሚሱን ግን ከእንግዲህ መጠበቅ አልችልም፤ እኔ ስወድቅ ይዘርፉታል።»

እጁን ከኪሱ አወጣ። ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያው ክብሪት ተሰበረ። ሁለተኛው በራና ወደ ሳህኑ ሳይደርስ ጠፋ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ክሪስፒን! ያንን ክብሪት አስቀምጥ!»

መቶ ሰው ዞረ። ክብሪቱ ከእጁ ወደቀ።

በወንበሮቹ መሐል አልፌ መድረኩ ሥር ቆምኩ። 

«ፈቅጄልሃለሁ» አልኩት። «ጥራው።»

ወደ መድረኩ ጫፍ መጣ። 

«ሮሳውራ...»

«ሙሉውን!»

«ሮሳውራ ግሪፓልዶ» አለ፤ እንባው እየወረደ። ወደ ሰዉ ዞረ። «ቀሚሱን ያሰበችው፣ የሠራችው፣ ለብሳው የቆመችው ሮሳውራ ግሪፓልዶ ናት። ከዲቪሶሪያ አልገዛሁትም።»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነስቶ አጨበጨበ። በዚያ በማኒላው መድረክ በግድ ፈገግ ብዬ ነበር። በዚህኛው ግን ማንም ፈገግ በይ አላለኝም። እንደ ልጅ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ሰዉ ወደ ምግቡ ሲወጣ መድረኩ ጫፍ ላይ ሁለታችን ተቀመጥን።

«ለምን አልመጣህም?» አልኩት።

«ሁለት ጊዜ ደጃፍሽ ድረስ መጥቻለሁ። ስምሽን ሳልጠራ ማንን አለች ልበል? ተመለስኩ።»

«ሞኝ!»

«ነኝ።»

«ሞታለች ያልከው ሆን ብለህ ነው? ተናድጄ እንድመጣ?»

«እንዲህ ብልህ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። ፈሪ ስለሆንኩ ነው።»

እጁን ያዝኩት። በእጄ ውስጥም ተንቀጠቀጠ።

«ሐኪሞቹ እየባሰ ይሄዳል ይላሉ። እንድትሰሚው አልፈለግኩም» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ከማን?»

«ከሲኒህ።»

ቀሚሱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ገለበጥኩት። በውስጥ በኩል፣ ወገቡ ጋ፣ አንድ የተተረተረ ቦታ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ አንዳንዱ ረጅም፣ አንዳንዱ አጭር። በሚንቀጠቀጥ እጅ የተሰፋ ስፌት ነው።

«ይሄን ማን ሰፋው?» አልኩት፤ እያወቅኩ።

«አስቀያሚ ነው አይደል?»

«በጣም! ማነው የሰፋው?»

የስፌቱን ጫፍ ነካ አደረገ። ከዚያ ዓይኖቹ እንደ ድሮው ጠፉ።

«እንዲሁ... ከዲቪሶሪያ ነው የገዛሁት» አለኝ።

እየሳቅኩ ደረቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ያንን ስፌት አልፈታሁትም። እስከዛሬ እንዳለ ነው።

በሁለተኛው ወር ተጋባን። ቀሚሴን ማናንግ ሰፋችው፤ ደም እንዳላንጠባጥብበት መርፌ እንኳ አላስነካችኝም። የኤልማር ፕሮግራም ሲወጣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት። አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃው ላይ ስሜ አለ። ሐኪሞቹም አልዋሹም። የክሪስፒን እጅ ዛሬ ሲኒ አያነሳም፣ ቁልፍም አይቆልፍም። ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፎች የምቆልፍለት እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን ያለቅሳል፣ አንዳንድ ቀን እኔ አለቅሳለሁ። የመጨረሻውን ቁልፍ ስጨርስ ግን፣ አንድም ቀን ሳያጎድል፣ ስሜን ሙሉውን ይጠራል።

«ሮሳውራ ግሪፓልዶ።»

«አቤት» እለዋለሁ።